የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ፦ የፍሪኩዌንሲ ምርጫና የሚያስፈልጉ ፈቃዶች

የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ለመጠቀም የሚያስቡ ዜጎች አስቀድመው ሁለት ጉዳዮችን መለየት ይገባቸዋል፤ የሚፈለገው ምን እንደሆነና ፍለጋው የሚካሄደው የት እንደሆነ። የመጀመሪያው የመሣሪያውን ፍሪኩዌንሲ፣ ሁለተኛው የሚያስፈልገውን ፈቃድ ይወስናል።

የመሣሪያው አሠራር

ኮይል የሚባለው የሽቦ ጥቅል አቅጣጫውን በፍጥነት የሚቀያይር መግነጢሳዊ መስክ ወደ መሬት ይልካል። መስኩ ብረታ ብረት ሲያገኝ በውስጡ ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጥራል፤ መሣሪያውም የሚመለሰውን ምልክት በድምፅ ያሳውቃል። መስኩ በሰከንድ የሚፈራረቅበት ብዛት ፍሪኩዌንሲ ይባላል።

የፍሪኩዌንሲ ምርጫ

• ከ3 እስከ 8 ኪሎ ኸርዝ፦ ጠለቅ ብለው ለተቀበሩ ትላልቅ ነገሮች፣ እንዲሁም ኤሌክትሪክን በሚገባ ለሚያስተላልፉ እንደ ብርና መዳብ ላሉ ብረታ ብረቶች፤
• ከ10 እስከ 20 ኪሎ ኸርዝ፦ ለሳንቲምና ለልዩ ልዩ መካከለኛ ነገሮች፤
• ከ30 ኪሎ ኸርዝ በላይ፦ ከመሬቱ ገጽ ብዙ ላልራቁ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች።

የኮይሉ ስፋትም ልዩነት ያመጣል። ሰፊ ኮይል ጠለቅ ያለውን፣ ጠባብ ኮይል ጥቃቅኑን በተሻለ ይለያል።

በጉና አካባቢ ሊታወቅ የሚገባው

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጉና ተራራ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው። ከባዛልት ዐለት የተገኘው አፈር ብረት አዘል ማዕድናት ስላሉት ሐሰተኛ ምልክት ሊፈጥር ይችላል። በመሆኑም መሣሪያውን ከአፈሩ ጋር ማስተካከል፣ ስሜታዊነቱንም መቀነስ ያስፈልጋል። የሀገሪቱ ዋና ዋና የወርቅ ክምችቶች የሚገኙት እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ጉጂ ባሉ አካባቢዎች፣ ከባዛልቱ እጅግ በሚቀድሙ ዐለቶች ውስጥ ነው። ስለዚህ ለጉና ባዛልት ብሎ የወርቅ መፈለጊያ መሣሪያ መግዛት አይመከርም።

በደብረ ታቦር አቅራቢያ የሚገኘው ጋፋት በ1850ዎቹ ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ መድፎች፣ ታላቁ ሴባስቶፖል ጭምር፣ የተሠሩበት ስፍራ ነው። በዚያ የሚገኝ የብረት ቁራጭ ወይም የቀለጠ ብረት ዝቃጭ የታሪክ ማስረጃ ነው፤ ከቦታው ከተነሣ አብዛኛው ትርጉሙ ይጠፋል።

ከዚህም በላይ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ውጊያ በተካሄደባቸው ስፍራዎች ያልፈነዳ ተተኳሽ ሊኖር ይችላል። የትኛውም ፍሪኩዌንሲ ያልፈነዳን ተተኳሽ ከአሮጌ ማረሻ በእርግጠኝነት ለይቶ አይነግርም። በእነዚህ ስፍራዎች ምልክት ሲሰማ መቆፈር ለሕይወት አደገኛ ነው።

ፈቃድና ግዴታ

• ቅርስ መፈለግና ማጥናት፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ቅድሚያ ፈቃድ ይጠይቃል። ቅርስ በአጋጣሚ ያገኘ ሰው ሳይነካካ ጠብቆ ወዲያውኑ ማሳወቅ አለበት።
• ባህላዊ የማዕድን ማምረት ሥራ፦ በአዋጅ ቁጥር 678/2002 መሠረት ከክልሉ ፈቃድ ሰጪ አካል ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።
• ተተኳሽ የሚመስል ነገር ሲታይ፦ ሳይነኩ መራቅ፣ ቦታውን በርቀት ማመልከት፣ ሕፃናትንና ከብቶችን ማራቅ፣ በአቅራቢያ ላለ ፖሊስም ፈጥኖ ማሳወቅ ይገባል።