ሜትፎርሚን፦ በሌላው ጥፋት የሚወቀሰው ክኒን

ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም፣ ማለትም ሰውነት ያመረተውን ኢንሱሊን በሚገባ መጠቀም የሚያቅተውና ቀስ በቀስም ምርቱ ራሱ የሚቀንስበት ሕመም፣ በአፍ በሚወሰዱ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች ይታከማል። እነዚህ መድኃኒቶች በብዙ ታካሚዎች ዘንድ «የስኳር ክኒን» በሚል አንድ ስም ይጠሩ እንጂ በሰውነት ውስጥ የሚሠሩበት ቦታም ሆነ የሚያስከትሉት የጎንዮሽ ጉዳት እጅግ የተለያየ ነው። ከመካከላቸው በብዛት የሚታዘዘው፣ ዋጋው ዝቅተኛ የሆነውና የዚያኑ ያህል በከንቱ የሚታማው ሜትፎርሚን ነው።

የዚህ መድኃኒት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ጋሌጋ ከተባለ የአውሮፓ ተክል ሲሆን፣ በተክሉ ውስጥ የሚገኘው ጋሌጂን የተሰኘ ንጥረ ነገር የደም ስኳርን ቢቀንስም መርዛማነቱ አላስጠጋ ብሎ ነበር። ሜትፎርሚን እ.ኤ.አ. በ1922 በደብሊን በቤተ ሙከራ የተሠራ ቢሆንም (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዘመኖችም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለስኳር ሕሙማን መዋሉን ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን ያሳወቀው በ1957 ነው። በብሪታንያ በ1998 የታተመው ታላቁ የስኳር ሕመም ጥናት፣ ከመጠን በላይ ክብደት ባላቸው ታካሚዎች ላይ ሜትፎርሚን ከሕመሙ ጋር የተያያዘ ሞትን በ42 በመቶ እንደቀነሰ ሲያሳይ፣ የክኒኑ ስፍራ ተረጋገጠ።

ሜትፎርሚን በዋናነት የሚሠራው በጉበት ላይ ነው። ጉበት ሰው ተኝቶም ሆነ ጾሞ ሳለ ስኳር እያመረተ ወደ ደም ይለቃል፤ በስኳር ሕሙማን ላይ ይህ ምርት ከልክ ያልፋል፤ ሜትፎርሚንም ይህን ትርፍ ምርት ይገታል። ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያፈስ ስለማያስገድድ ብቻውን ሲወሰድ የደም ስኳርን ከጤናማው ልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው፤ ክብደትም አይጨምርም።

እውነተኛው የጎንዮሽ ጉዳቱ የሚታየው በሆድ ላይ ነው። ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ መነፋትና በአፍ ውስጥ የብረት ጣዕም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተለመዱ ሲሆኑ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይህን ሥቃይ የሚያከብደው የአወሳሰድ ግድየለሽነት ነው። ክኒኑ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ መወሰድ፣ በቀን በ500 ሚሊ ግራም ተጀምሮም በየሳምንቱ ቀስ እያለ ማደግ ሲገባው፣ በባዶ ሆድ በሙሉ መጠን ጀምሮ በ3ኛው ቀን «አልተስማማኝም» ብሎ መጣል መድኃኒቱን ሳይሞክሩ መፍረድ ነው። ሆዱ አልለመድ ላለው ሰው ቀስ ብሎ የሚለቀቀው ዓይነት አለ፤ ይህኛው መፈጨትም መሰበርም የለበትም። ባዶ ቅርፊቱ አንዳንድ ጊዜ ከሰገራ ጋር ስለሚወጣ ክኒኑ ሳይሠራ የወጣ የሚመስላቸው አሉ፤ መድኃኒቱ ግን ቀድሞ ወደ ሰውነት ገብቷል።

በሜትፎርሚን ላይ ከሚነገሩት ሁሉ ሥር የሰደደው ግን «ኩላሊት ይጎዳል» የሚለው ነው። ይህ አባባል ምክንያትንና ውጤትን ያገላብጣል። ሜትፎርሚን በጉበት አይሰባበርም፤ ከአንጀት ወደ ደም ከገባ በኋላ ቅርጹ ሳይለወጥ በኩላሊት በኩል ከሽንት ጋር ይወጣል። ስለዚህ ኩላሊቱ በደከመ ሰው ደም ውስጥ መድኃኒቱ ይጠራቀማል፤ ሐኪሙ መጠኑን የሚቀንሰው ወይም ጨርሶ የሚያቆመውም በዚህ የተነሣ እንጂ ክኒኑ ኩላሊቱን ስላቆሰለ አይደለም። የግቢ ፍሳሽ መውረጃ ሲደፈን ውኃው ይተኛል፤ መውረጃውን የደፈነው ግን ውኃው አይደለም።

ስሕተቱ የሚወለድበት መንገድ ለመረዳት አያስቸግርም። አንድ ታካሚ ሜትፎርሚንን ለ15 ዓመት ወስዶ በ16ኛው ዓመት ኩላሊቱ መድከሙ በምርመራ ሲታወቅና ሐኪሙ ክኒኑን ሲያስቆመው፣ ቤተሰቡ የሚያየው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ክኒንና የተጎዳ ኩላሊት። በነዚያ 15 ዓመታት ውስጥ ከፍ ብሎ የኖረው የደም ስኳርና አብዛኛውን ጊዜ አብሮት የሚገኘው የደም ግፊት ግን ስለማይታዩ ከክሱ ያመልጣሉ፤ የስኳር ሕመም ራሱ በዓለም ላይ ከኩላሊት መድከም ዋና ዋና መንሥኤዎች አንዱ ሆኖ ሳለ ጥፋቱ በክኒኑ ላይ ይላከካል።

ለፍርሃቱ ሌላም ምንጭ አለ። ፌንፎርሚን የተባለው የሜትፎርሚን የቅርብ ዘመድ ላክቲክ አሲዶሲስን፣ ማለትም ላክቲክ አሲድ በደም ውስጥ ተከማችቶ ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥልበትን ሁኔታ፣ በማስከተሉ በ1970ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ከገበያ ወጥቷል፤ ሜትፎርሚንም የዘመዱን ስም ተሸክሞ ወደ አሜሪካ ገበያ የገባው በ1995 ነበር። በሜትፎርሚን ላይ ይህ ችግር እጅግ ብርቅ ከመሆኑ የተነሣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2016 ኩላሊታቸው ለደከመ ሰዎች የነበረውን ክልከላ አላልቶ፣ ውሳኔው በክሬአቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት ከደም በሚያስወግደው ቆሻሻ፣ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ኩላሊት በደቂቃ በሚያጣራው መጠን ግምት እንዲመሠረት አድርጓል። ይህ ቁጥር ከክሬአቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ ተሰልቶ የሚገኝ ነው፤ ከ45 በላይ ከሆነ ሜትፎርሚን ይሰጣል፣ በ30 እና በ45 መካከል አዲስ አይጀመርም፣ ቀድሞ ሲወስድ ለነበረ ሰው ግን ጥቅምና ጉዳቱ ተመዝኖ አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ይቀነሳል፣ ከ30 በታች ሲሆን ይቆማል። ከዚህ ሌላ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ሰውነትን ባደረቁበት ጊዜ ለአጭር ጊዜ ማቆም፣ ለራጅ ምርመራ በደም ሥር የሚሰጥ ቀለም ከመወጋት በፊት ክኒኑን እንደሚወስዱ ለባለሙያው መናገር፣ አረቄን ከማብዛትም መጠበቅ ያስፈልጋል።

ኩላሊቱን ለማዳን ብሎ በገዛ ፈቃዱ ሜትፎርሚን የሚያቆም ሰው የደም ስኳሩ ወደ ላይ ስለሚወጣ ሊያድነው ያሰበውን ኩላሊት ይጎዳል። ከዚህም የከፋው ክኒኑን በመተው መጠኑና ይዘቱ ያልታወቀ ቅጠላ ቅጠል መውሰድ ነው፤ ይህን ጎረቤት ለጎረቤት የሚመክሩ ሰዎች የሚያስከትሉትን ጉዳት ሊያስቡበት ይገባል።

ሊፈራ ሲገባው ብዙም የማይወራለት ጉዳት የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ነው። ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ አንጀት ይህን ቫይታሚን የመምጠጥ ዐቅሙ ይቀንሳል፤ እጥረቱም የደም ማነስን፣ የእግርና የእጅ መደንዘዝንና ማቃጠልን ያመጣል። ቫይታሚኑ በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ በመሆኑ፣ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶን አጽዋማት ሙሉ በሙሉ የሚጠብቅ ታካሚ በዓመቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ከእነዚህ ምግቦች ርቆ ስለሚኖር ለእጥረቱ ይበልጥ ይጋለጣል። የእግር መደንዘዝ የስኳር ሕመም ራሱ በነርቭ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም ምልክት በመሆኑ ሁለቱ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ከሕመሙ የመጣው የነርቭ ጉዳት ብዙ ጊዜ የማይመለስ ሲሆን፣ ከቢ12 እጥረት የመጣው ግን በጊዜ ከተደረሰበት በክኒን ወይም በመርፌ ይሻሻላል። ስለዚህ ለዓመታት ሜትፎርሚን ለወሰደ ታካሚ እግሩ መደንዘዝ ሲጀምር የቢ12 ምርመራ ማድረግ ቅንጦት ሊባል አይገባም።

ከሜትፎርሚን ጎን ለጎን በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ግሊቤንክላሚድ ከእርሱ ፈጽሞ የተለየ ነው። የወገኖቹ ታሪክ የሚጀምረው በ1942 በሞንፔልዬ፣ ፈረንሳይ፣ ለታይፎይድ የተሞከረ የሰልፋ መድኃኒት የታካሚዎችን ስኳር በአደገኛ ሁኔታ ሲያወርድ በመታየቱ ነው። ግሊቤንክላሚድ ሰውየው በላም አልበላ ቆሽትን ኢንሱሊን እንዲያፈስ ያዛል፤ በመሆኑም ጠዋት ክኒኑን ውጦ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ምእመን፣ ወይም በረመዳን የመድኃኒት ሰዓቱን ሳያስተካክል የሚጾም ሙስሊም፣ ስኳሩ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ወርዶ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ግራ መጋባት፣ ሲብስም ራስን መሳት ሊደርስበት ይችላል። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ስኳር ቀምሶ የነቃ ሰው ከሰዓታት በኋላ ዳግመኛ ሊወድቅ ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። የዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ይህን ክኒን ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑ ሰዎች ተስማሚ አይለውም፤ ከዚሁ ወገን ግሊክላዛይድን ያስቀድማል።

ከአዳዲሶቹ መካከል ሲታግሊፕቲን ጉዳቱ ጥቂት፣ ኃይሉም መጠነኛ ነው። ፒዮግሊታዞን ፈሳሽ በሰውነት ውስጥ እንዲጠራቀም ስለሚያደርግ ልቡ ለደከመ ሰው አይሰጥም። ኤምፓግሊፍሎዚንና ዳፓግሊፍሎዚን ትርፍ ስኳርን በሽንት በማስወጣት ኩላሊትንና ልብን የሚጠብቁ ሲሆኑ፣ በብልት አካባቢ የፈንገስ ቁስለትን ያበዛሉ፤ አልፎ አልፎም የደም ስኳር ብዙ ሳይጨምር ደምን አሲዳማ የሚያደርግ ኬቶአሲዶሲስ የተባለ አደጋ ስለሚያመጡ፣ ታቅዶ ከሚደረግ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 3 ቀን አስቀድሞ በሐኪም ትእዛዝ ይቆማሉ፤ ረጅም ጾምም ያለ ምክር አብሯቸው አይሄድም።

እነዚህን ክኒኖች የሚወስድ ሁሉ የመድኃኒቱን ትክክለኛ ስም ሊያውቅ፣ የኩላሊቱን የማጣራት ቁጥር ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ሊያስለካ፣ ጾም ከመግባቱ በፊትም ከሐኪሙ ጋር ሊመክር ይገባዋል፤ ሜትፎርሚንን ግን በጎረቤት ወሬ አያቁም።