ከግድግዳ ወደ ሻንጣ

በ1968 ጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ክሪም ከተባለው ባንዱ ጋር መድረክ ላይ ሲቆም ከጀርባው ያለው ነገር ግድግዳ ይመስል ነበር። ቁመታቸው ከሰው የሚተካከል ጥቋቁር የማርሻል ስፒከሮች፣ በላያቸው ላይ ባለ 100 ዋት አምፕሊፋየሮች፣ በአጭሩ አምፖች። በ1970 ማያሚ በሚገኘው ክራይቴሪያ ስቱዲዮ «ሌይላ» የተባለውን አልበም ሲቀርጽ ግን የተጫወተባት ሻንጣ የምታህል ፌንደር ሻምፕ ናት። ጉልበቷ 5 ዋት ገደማ፣ ስፒከሯ 8 ኢንች፤ ለተማሪና ለጀማሪ ተብላ የተሠራች ርካሽ ዕቃ። አብሮት የተጫወተው ዱዌን ኦልማንም በትንሽ አምፕ ነበር። አልበሙን የሰማ ሰው ያ ሁሉ ድምፅ ከዚያች ሳጥን ወጣ ቢሉት አያምንም። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያቸዋለሁ፤ ዕቃዎቹም የሚታወቁት በዚያው ነው።)

ጊታር የማይጫወት ሰው ይህን ሲሰማ «ጣቱና ጊታሩ ነው እንጂ ሳጥኑ ምን አገባው?» ይላል። የኤሌክትሪክ ጊታርን ሳይሰካ የነካ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ድምፁ ሲጥ ሲጥ ከማለት አያልፍም፤ ጓዳ ያለ ሰው አይሰማውም። ክሩ ሲርገበገብ ከሥሩ ያለው ማግኔትና ጥቅል ሽቦ፣ ጊታሪስቶች ፒክአፕ የሚሉት፣ ቅንጣት የምታህል የኤሌክትሪክ ሞገድ ያመነጫል። ያቺን ሞገድ ድምፅ የሚያደርጋት አምፑ ነው። ለክራር ገበቴው ምን እንደሆነ፣ ለኤሌክትሪክ ጊታር አምፑ ያው ነው። ክሮቹን ሳይነኩ ገበቴውን ቢቀይሩት ክራሩ ሌላ ክራር ይሆናል።

የድሮ አምፕ ከጀርባው ሲታይ ሳሎን ይቀመጥ የነበረውን ትልቁን ሬዲዮ ያስታውሳል። ያ ሬዲዮ እንደተከፈተ አይናገርም ነበር፤ ውስጡ ያሉት የመስታወት ቲዩቦች እስኪሞቁ ይጠበቃል። የጊታር አምፕም እንደዚያው ነው። ትንንሾቹ ቲዩቦች ደካማዋን ሞገድ ደረጃ በደረጃ ያሳድጓታል፤ ትልልቆቹ ስፒከር ለመግፋት የሚበቃ ጉልበት ይሰጧታል። ነገሩ የሚጣፍጠው ቲዩቡ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ ነው። ቮልዩሙ ሲጨመር የሞገዱ ጫፍ ማለፊያ ያጣና ይቆረጣል። ትራንዚስተር ይህን ጫፍ እንደ ቢላ ሲቆርጠው፣ ቲዩብ እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ያኔ ክሩ ላይ ያልነበሩ ድምፆች ይጨመራሉ፣ ጊታሩ ጎርነን ይላል፣ ኖታውም ቶሎ አይሞትም። ዲስቶርሽን የሚባለው ይህ ነው። መሐንዲሶች ሊያስወግዱት ብዙ ደክመዋል።

ከደከሙት አንዱ ሊዮ ፌንደር ነው፤ ካሊፎርኒያ ፉለርተን ውስጥ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበረ፣ ዕድሜ ልኩን ጊታር መጫወት ያልተማረ ሰው። የሚፈልገው ጥርት ያለ ድምፅ ነበር። ቤዝማን የተባለውን አምፑን ስሙ እንደሚለው ለቤዝ ጊታር ሠራው፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ የወጣው አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ነበረው። ጊታሪስቶች ግን ለራሳቸው ወሰዱት።

ከአትላንቲክ ወዲያ፣ በምዕራብ ለንደን ሃንዌል ውስጥ፣ ጂም ማርሻል የሚባል የድራም አስተማሪ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ነበረው። ደንበኞቹ የአሜሪካ አምፕ ይፈልጋሉ፤ ከውጭ የሚገባው ደግሞ ኪስ ያራቁታል። ማርሻል ከኬን ብራንና ከዱድሊ ክሬቨን ጋር ሆኖ ቤዝማንን መነሻ አደረገና በ1962 ጄቲኤም45 የተባለው አምፕ ተወለደ። የውስጡ አሠራር ከሞላ ጎደል የፌንደር ነው። የተለያዩት እዚያው እንግሊዝ የሚገኙት ትራንስፎርመሮችና ስፒከሮች፣ ቆይቶም ቲዩቦቹ ናቸው። የወጡ አሠራር አንድ፣ በርበሬው ሌላ። በርበሬው የሚያመጣውን ለውጥ ደግሞ ለሐበሻ አላስረዳም።

ክላፕተን በ1966 ከጆን ሜዮል ብሉዝብሬከርስ ባንድ ጋር ሲቀርጽ የያዘው የዚሁ የማርሻል ዘር የሆነ፣ አምፑና ሁለት ስፒከሮቹ አንድ ሳጥን ውስጥ የተገጠሙበትን ሞዴል ነው። በዘመኑ የስቱዲዮ ልማድ ጊታሪስት ድምፁን ቀንሶ ነበር የሚጫወተው። እሱ መድረክ ላይ በሚጫወትበት ከፍታ ካልሆነ አሻፈረኝ አለ። ትዕቢት ብቻ አልነበረም። ያ አምፕ ሲቀነስ ሌላ አምፕ ነው፤ የሚፈልገው ጎርናና ድምፅ የሚመጣው ትልልቆቹ ቲዩቦች ሲጨነቁ ነው።

ድምፁ እንዲህ ከተገኘ ታዲያ ግድግዳው ለምን አስፈለገ? ይህ ከጣዕም ይልቅ ከአዳራሽ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ያኔ የመድረክ ድምፅ ማጉያ በአብዛኛው የዘፋኙ ነበር። ለጊታር ማይክ የሚተክልለት የለም፤ የሕዝቡን ጆሮ መሙላት ያለበት ጊታሪስቱ ራሱ ተሸክሞ የመጣው አምፕ ነው። ቢትልሶች ቀደም ሲል ባለ 30 ዋቱ ቮክስ አምፕ ይበቃቸው ነበር። በኦገስት 1965 ኒውዮርክ ሼይ ስታዲየም ውስጥ ከ55 ሺህ በላይ ሰው ፊት ሲቆሙ ባለ 100 ዋት ቮክስ ይዘው ወጡ፤ የተመልካቹ ጩኸት እሱንም ዋጠው። በዚያው ዓመት አካባቢ የዘ ሁ ባንድ ጊታሪስት ፒት ታውንሸንድ ማርሻልን ባለ 100 ዋት ሥራልኝ አለው። ከዚያ በኋላ ፉክክር ሆነ። ዕዳውን ጆሮ ከፈለ፤ ታውንሸንድም ክላፕተንም ጆሯቸው መጎዳቱን በአደባባይ ተናግረዋል።

ቆይቶ የአዳራሹ ማጉያ ተሻሻለ። ከአንዲት ትንሽ አምፕ ፊት ማይክ ተክሎ ስታዲየም መሙላት ተቻለ፤ ግድግዳውም ጌጥ ሆነ። አንዳንድ የሮክ ባንዶች ዛሬም ከኋላቸው የሚደረድሩት ውስጡ ባዶ የሆነ ሳጥን ነው፤ ለፎቶ ብቻ እንደሚቆም የሠርግ ኬክ።

ክላፕተን ከሻምፕ በኋላም አንድ ቦታ አልረጋም። በ1970ዎቹ ሙዚክ ማን የተባለ አምፕ ያዘ፤ ይህ ሊዮ ፌንደር በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ በ1965 ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ከሸጠ በኋላ የገባበት ድርጅት ነው። በ1980ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሶልዳኖ የሚባለውን፣ ቮልዩም ሳይጨመርም የፈለጉትን ያህል የሚጎረንነውን ባለ 100 ዋት አምፕ ተጠቀመ፤ የዘመኑ ፋሽንም ያ ነበር። ከዚያ ወደ ፌንደር ትዊን ተመለሰ፤ በ1950ዎቹ ቢጫማ ጨርቅ ለብሶ ይወጣ ወደነበረው ዓይነት። በ2011 ፌንደር በእሱ ስም ሦስት አምፖች ሲያወጣ ትልቁ ከዚያው ትዊን፣ ትንሹ ከሻምፕ ቤተሰብ የተቀዱ ነበሩ። ዞሮ ዞሮ ከቤት።

ይህን ናፍቆት የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም። እነዚህ የድሮ አምፖች ቁልፋቸው ጥቂት ነው፤ ጣትን ግን ይከተላሉ። ክሩን በስሱ ሲነኩት ጥርት ይላሉ፤ ጠንከር ሲያደርጉት ያጉረመርማሉ። ጀማሪ ላይ ይህ ጠላት ነው፤ እያንዳንዱን ስህተት ያጋልጣሉ። እጁ የበሰለ ሰው ግን ሁሉን ነገር የሚሠራለት አምፕ ይሰለቸዋል።

ሌላም ምክንያት አለ፣ መጽሔቶች ብዙም የማያነሱት፤ ወገብ። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ 29 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሃያ ዓመቱ እሱን አንጠልጥሎ ሦስተኛ ፎቅ የወጣ ሰው በአርባ አምስት ዓመቱ «አሁን ትንሽ አምፕ ነው ደስ የሚለኝ» ቢል ጆሮው ብቻ ነው የተናገረው ማለት ይከብዳል። ዛሬ ከነጭራሹ ሳጥን መሸከም የተወው ብዙ ነው። ኬምፐር የሚባለው የጀርመን መሣሪያ የእውነተኛ አምፕን ጠባይ ለክቶ በዲጂታል ያስቀምጣል፤ በእጅ በሚያዝ ዕቃ ውስጥ ሃምሳ አምፕ ይዞ መጓዝ ይቻላል። ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ በዲሴምበር 2013 አንታርክቲካ ካርሊኒ ጣቢያ ሲጫወት፣ ለአካባቢው ሲባል ተመልካቹ ሙዚቃውን የሰማው በጆሮ ማዳመጫ እንጂ ከስፒከር ግድግዳ አልነበረም።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚቀየር ሰው ነው። ሳጥኑም ቁጭ ባለበት ይቀየራል። ዘፋኝና ጊታሪስቱ ኒል ያንግ ከ1967 ጀምሮ የያዛት የ1959 ፌንደር ዴሉክስ አለችው። በዚያው ሞዴል የተሠሩ ሌሎች እየገዛ አወዳድሯል፤ እሷን የሚመስል አላገኘም። ፋብሪካው ለእሷ ብቻ የተለየ ነገር ያደረገ አይመስልም። ዓመታት ሳይሆኑ አይቀሩም ያደረጉት። ትልልቆቹ ቲዩቦች በየጊዜው ያረጃሉ፣ ይለወጣሉ። (ዛሬ በብዛት የሚመረቱት ሩሲያ፣ ስሎቫኪያና ቻይና ነው፤ በ2022 የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር የጊታሪስቱ ዓለም የደነገጠውም ለዚህ ነው።) ሬዚስተሮቹ በሙቀት ብዛት ቀስ በቀስ ከተጻፈባቸው ልክ ይወጣሉ። የስፒከሩ ወረቀት ሲርገበገብ ኖሮ ይለሰልሳል። ካፓሲተሮቹ ደግሞ ባይነኩም በአስራ አምስት በሃያ ዓመት ይደርቃሉ።

ይህን ሁሉ በቅርብ ያየሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ቅዳሜና እሑድ ሆቴል በሚጫወት ወዳጄ ዕቃ ላይ ነው። ወንድሙ ከሜሪላንድ አንድ የድሮ ባለ ቲዩብ አምፕ ላከለት። ከጀርባው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ የሚል ተጽፎበታል። ወዳጄ በደስታው ብዛት ሳያነብ ግድግዳው ላይ ሰካው። ጧ! አለ፤ ፊውዙ ነው፣ እግዜር ይስጠው። (ፊውዙን በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ የመለሰ ሰው አውቃለሁ፤ እሱ ትራንስፎርመሩን ነው ያነደደው።) በማግሥቱ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ማስተካከያ ገዝቶ መጣና አምፑ ዘፈነ።

ከዚያ አንድ ነገር አስተዋለ። ቀን ላይ ቆጣ የሚለው አምፕ ማታ ማታ ይለሰልሳል፣ ቶሎም ይጎረንናል። ቮልት ሜትር ይዘን ብንለካው ሰፈሩ ምጣድ በሚጥድበት ሰዓት ኃይሉ ወርዶ አገኘነው። 110 የተባለውም 98 አካባቢ ይሆናል። ጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን በ1970ዎቹ ማርሻሉን ሆን ብሎ በማስተካከያ ወደ 90 ቮልት ገደማ እያወረደ ነበር ያንን የታወቀ ድምፁን ያመጣው። የወዳጄ ሰፈር እናቶች እንጀራ ይጋግራሉ፣ እሱንም ኤዲ ያደርጉታል።

ችግሩ የመጣው አምፑ ማጉረምረም ሲጀምር ነው። ጊታር ባይሰካም እንደ ንብ ቀፎ ያዜማል። ሬዲዮ ጠግነው ያረጁ አንድ ባለሙያ ዘንድ ወሰድነው። መክፈታቸው ራሱ ሥርዓት ነበረው። አምፑ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ መጀመሪያ አንድ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው በሌላው እጃቸው በያዙት ሬዚስተር ኃይሉን አፈሰሱት። ከዚያ መነጽራቸውን አውጥተው አጎነበሱ። ሲሊንደር ከሚመስሉት ካፓሲተሮች ሁለቱ ጫፋቸው አብጧል፣ ከአንዱ ቡናማ ነገር ተንጠባጥቧል።

«እነዚህ አርባ ዓመት ሠርተዋል፤ ይብቃቸው» አሉና በአዲስ ለወጧቸው።

ዝምታው በረታ። ማዜሙ ጠፋ፣ ቤዙ ጠበቅ አለ። ወዳጄ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተጫወተ በኋላ ፊቱ አልፈካም።

«ጋሼ፣ ደረቀብኝ። ድሮ ሶፋ ላይ እንደ መቀመጥ ነበር፤ አሁን ዱካ ላይ ነኝ።»

ሰውዬው አልተገረሙም። የተዳከመ ካፓሲተር ጠንካራ ምት ሲመጣ ኃይል ቶሎ ስለማያቀብል ድምፁን እንደሚያላላው ነገሩት። «ልጄ፣ አንተ የወደድከው በሽታውን ነበር» አሉት፤ እየሳቁ።

አሮጌዎቹን ካፓሲተሮች በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟቸው ሄደ። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ባለፈው ሆቴሉ ሄጄ ስሰማው አምፑ በመጠኑ ያጉረመርማል፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ይጫወታል። በእረፍት ሰዓት መድረኩ ላይ ወጥቼ የአምፑን ቁልፎች አየኋቸው። ድሮ 4 ላይ ይቆም የነበረው ቮልዩም አሁን 6 ላይ ነው።