ኮምፕሬሰሩ ውሃውን ከየት ያመጣዋል?

ሐምሌ ላይ ባሕር ዳር ካለ ጎሚስታ ቤት ጎራ ብሎ የኮምፕሬሰሩን ሆድ ከሥር ማየት ነው። ከታንኩ በታች አንዲት ትንሽ መክፈቻ አለች። እሷን ሲያላሏት መጀመሪያ የሚወጣው ነፋስ ሳይሆን ውሃ ነው፤ ዘይት የነካው፣ ዝገት ያጠቆረው ውሃ። ማንም አልጨመረበትም፤ ጣሪያውም አያፈስም። ማሽኑ ከጠዋት እስከ ማታ የሳበው አየር ብቻ ነው።

ይህን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ማሽኑን ይጠረጥራል። «ርካሽ ስለሆነ ነው» ይላል፤ አለዚያም ፊልተር ሊገዛለት ይነሳል። ማሽኑ ግን ጥፋት የለበትም። ውሃው ድሮውንም በአየሩ ውስጥ ነበረ፤ ኮምፕሬሰሩ ገልጦ አሳየው እንጂ አልፈጠረውም። ይህ ከገባን ገንዘባችንን የት፣ ትዕግሥታችንን የት እንደምናውል እናውቃለን። ሥራው የባጃጅ ጎማ መንፋት ይሁን፣ መኪና ቀለም መቀባት ይሁን፣ ወይም እስከ 300 ባር የሚጨምቀው ትንሹ የአየር ጠመንጃ መሙያ ይሁን፣ ነገሩ አንድ ነው።

እንፋሎት በዓይን አይታይም። ማለዳ በዘጌ የቡና ደን ላይ ተኝቶ የምናየው ጉም እንፋሎቱ ቀዝቅዞ ጥቃቅን ጠብታ ከሆነ በኋላ ያለው መልኩ ነው። ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ሲገፈፍ ውሃው የትም አልሄደም፤ ተመልሶ የማይታይ ሆነ እንጂ። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አንድ ሜትር ኩብ ቦታ ቢበዛ 17 ግራም ያህል እንፋሎት ይይዛል። በ10 ዲግሪ 9 ግራም ብቻ ይይዛል፤ በ30 ዲግሪ 30 ግራም ይደርሳል። በ60 ዲግሪ ደግሞ 130 ግራም። ሙቀት ሲጨምር አቅሙ እንዲህ ይተኮሳል።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የሚቀጥለው ነው። ይህን አቅም የሚወስኑት የቦታው ስፋትና ሙቀቱ ናቸው፤ በዚያ ቦታ የታጨቀው አየር መብዛት ማነሱ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆን ዳልተን በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ያሳየው ይህንን ነው። ስለዚህ አየሩን ጨምቀን ቦታውን አንድ አሥረኛ ስናደርገው፣ ሙቀቱ ወደነበረበት ሲመለስ የእንፋሎቱም ማደሪያ አንድ አሥረኛ ይሆናል። ትርፉ ውሃ ሆኖ ይወርዳል።

በቁጥር እንየው። የክረምት ጠዋት ነው እንበል፤ ሙቀቱ 20 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 80 በመቶ። አንድ ሜትር ኩብ አየር ወደ 14 ግራም ውሃ ተሸክሟል። ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ የአየሩ ግፊት 0.82 ባር አካባቢ ነው። የጎሚስታው ጌጅ 8 ባር ሲያሳይ ያ አንድ ሜትር ኩብ ወደ አንድ አሥራ አንደኛው ተጨምቋል። በዚያ ጠባብ ቦታ እንፋሎት ሆኖ መቆየት የሚችለው ከ2 ግራም ያነሰ ነው። የቀረው 12 ግራም ታንኩ ውስጥ ወይም ቱቦው ውስጥ ውሃ ይሆናል። በደቂቃ 200 ሊትር አየር የሚስብ ኮምፕሬሰር በቀን ውስጥ ተደማምሮ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ከሩብ ሊትር በላይ ውሃ ያመርታል ማለት ነው። በጋ ሲሆን ይቀራል ማለት አይደለም፤ በመጋቢት፣ በ27 ዲግሪና በ40 በመቶ እርጥበት እንኳ ከእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ወደ 8 ግራም ይወጣል።

ከፍታው ሌላም ነገር ያመጣል። ባሕር ዳር ላይ አየሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ አንድን ጎማ በተመሳሳይ ግፊት ለመሙላት ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለ ማሽን ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ተጨማሪ አየር መሳብ ያስፈልጋል። ሙቀቱና እርጥበቱ እኩል ቢሆን ውሃውም በዚያው ልክ ይጨምራል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የመሙያ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለል የተሰላ ነው፤ እዚህ ይረዝማል። ሲረዝም ማሽኑ ይግላል። ይህን ግለት ልብ እንበል፤ ርካሾቹን ማሽኖች የሚጥላቸው እሱ ነውና።

አየር ሲጨመቅ ይግላል። ከሲሊንደሩ የሚወጣው አየር በጣም ትኩስ ስለሆነ እንፋሎቱን እንደተሸከመ ያልፋል። ውሃ የሚሆነው ቀዝቃዛ ብረት ሲነካ ነው። እንጀራ ሲጋገር የምጣዱ ክዳን ሲነሳ ከውስጥ በኩል ተንጠልጥሎ የሚወርደው ጠብታ በዚሁ መንገድ የተፈጠረ ነው፤ ክዳኑ ከምጣዱ ይልቅ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ስለዚህ ፊልተርን ከኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ፣ አየሩ ገና ሲፈላ የሚገጥም ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ፊልተሩ ጠብታ ይይዛል እንጂ እንፋሎት አይይዝም፤ ትኩሱ አየር በጥጡ መሐል ሰተት ብሎ ያልፍና ውሃው ከወዲያ ማዶ፣ ማንም በማይፈልገው ቦታ ይወርዳል።

ለጎሚስታና ለባትላሜራ ቤት መፍትሔው ርካሽ ነው። ከታንኩ ወደ ሥራ ቦታው የሚሄደውን ቧንቧ በብረት አስረዝሞ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ጥቂት እያዘነበለ ማስኬድ። ወደ ቀለም መርጫው የሚወርደውን ቅርንጫፍ ከዋናው ቧንቧ በላይኛው ጎን ጠልፎ ማውጣት፤ ውሃ ከሥር ስለሚሄድ አይከተልም። በቧንቧው ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ማፍሰሻ መተው። ፊልተሩ ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከመርጫው አጠገብ ይገባል። ቀለም ሥር የተደበቀች ጠብታ በዕለቱ አትታይም፤ መኪናው ከተረከበ በኋላ አብጣ ትወጣለች፤ ያኔ ጥሉ ከደንበኛው ጋር ነው።

የዚህን ውሃ ጣጣ ሾፌሮች ከማንም በላይ ያውቁታል። የከባድ መኪኖች ፍሬን የሚሠራው በነፋስ ነው፤ የነፋሱ ታንክ በውሃ ከሞላ ለነፋስ የሚቀረው ቦታ ያንሳል፤ ቫልቮቹም ይዝጋሉ። ከባሕር ዳር ተነስቶ ደጀን ሲደርስ፣ የዓባይን በረሃ ቁልቁል ከመያዙ በፊት የታንኩን ማፍሰሻ የሚስብ ሾፌር ከሺህ ሜትር በላይ የሚወርደው በፍሬን እንደሆነ ያውቃል። በአዲሶቹ መኪኖች ላይ ቆርቆሮ የመሰለ የአየር ማድረቂያ አለ፤ በውስጡ ውሃ የሚስብ ጠጠር ይዟል። እሱም ጊዜው ሲደርስ መቀየር አለበት።

አሁን ወደ ከፍተኛው ግፊት እንሂድ። የአየር ጠመንጃ በእኛ ሰፈር እምብዛም አይታይም፤ በዓለም ግን ትልቅ ስፖርት ነው፤ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኦሎምፒክ ውስጥ አለ። እነዚህን ጠመንጃዎች ለመሙላት ተብለው የተሠሩ፣ በመኪና ባትሪ ጭምር የሚሠሩ ትናንሽ ኮምፕሬሰሮች በርካሽ ይሸጣሉ፤ እስከ 300 ባር ይጨምቃሉ። 300 ባር ማለት የጣት ጥፍር በሚያህል ቦታ ላይ ሦስት ኩንታል ተጫነ ማለት ነው። እዚያ ላይ አየሩ ከ360 እጥፍ በላይ ተጨምቋል፤ ስለዚህ ውሃው ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይወርዳል። ሁለት ዴሲ ሊትር የምትይዝ ባዶ የጠመንጃ ታንክ እስከ 200 ባር ስትሞላ ከግማሽ ግራም በላይ ውሃ አብሮ ይመጣል። ትንሽ ይመስላል። ግን በየመሙላቱ ይጠራቀማል፣ ብረቱን ከውስጥ ይበላል፤ አየሩ ድንገት ሲለቀቅ ስለሚቀዘቅዝም ግፊት መቆጣጠሪያው ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል።

ከእነዚህ ማሽኖች ጋር የሚመጣው ፊልተር አውራ ጣት የሚያህል ጥጥ የገባበት ብረት ነው። ጥጡ ጠብታና ዘይት ይይዛል፤ ከዚያ ያለፈው አየር ግን አሁንም በእንፋሎት ጢም ያለ ነው፤ ትንሽ ሲቀዘቅዝ እንደገና ያልባል። እንፋሎቱን ራሱን የሚይዙት ሌሎች ናቸው፦ በጫማ ካርቶንና በመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ በትንሽ ከረጢት የምናገኘው ሲሊካ ጄል፣ ከእሱ የጠነከረው ደግሞ ሞለኪውላር ሲቭ የሚባለው ነው። ሞለኪውላር ሲቭ ዓይን በማያያቸው ቀዳዳዎች የተሞላ ጠጠር ሲሆን የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ውሃ በውስጡ ይቆልፋል።

50 ግራም ሲቭ እንግዲህ 10 ግራም ውሃ ይይዛል። ውሃው አስቀድሞ ካልተለየለት አንድ ሜትር ኩብ አየር ሳይሞላ ያልቅለታል፤ 14 ግራሙ በአንድ ጊዜ ይመጣበታላ። አየሩ ግን በ300 ባር ላይ እስከ 20 ዲግሪ ቀዝቅዞ፣ ጠብታው ተለይቶ ከደረሰው በየሜትር ኩቡ የሚቀረው 0.05 ግራም ያህል ነው፤ ያው 50 ግራም በወረቀት ስሌት 200 ሜትር ኩብ ያደርቃል። በ60 ዲግሪ እንደጋለ ከገባ ወደ 25 ይወርዳል። ማሽን ላይ ሲሆን ቁጥሮቹ ከዚህ ያንሳሉ፤ ልዩነቱ ግን ያው የትየለሌ ነው። ጠጠሩ አንድ፣ ዋጋው አንድ፤ ለውጡን ያመጣው ማቀዝቀዙ ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ ከዚህ ይወጣል። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፤ ለከፍተኛ ግፊት የተሠራውን ቀጭን የብረት ቱቦ ጠምዝዞ በቀዝቃዛ ውሃ ባልዲ ውስጥ ማሳለፍ። ቀጥሎ ጠብታ መለያ፤ ማፍሰሻውን ማሽኑ እየሠራ በየጥቂት ደቂቃው ከፈት አድርጎ መልቀቅ። ከዚያ ሲቩ። የዘይት ሽታ የሚይዘው ከሰል ከሲቩ በኋላ ነው የሚገባው፤ ከሰል ከረጠበ ሥራውን በደንብ አይሠራም። በመጨረሻም ከፊልተሩ ወዲያ ግፊት ማቆያ ቫልቭ ቢገጠም ጥሩ ነው፤ የሚሞላው ታንክ ባዶ በሆነበት ሰዓት እንኳ ፊልተሩ ውስጥ ያለው አየር ከመነሻው በከፍተኛ ግፊት ተጨምቆ ይቆያል፤ ውሃውም ሲቩ ጋ ሳይደርስ ይወርዳል። ማሽኑንም ማሳረፍ ያስፈልጋል። እንደኔ እምነት ርካሹን ማሽን ከውዱ የሚለየው ዋናው ነገር ለማቀዝቀዣ የተተወለት ቦታ ነው፤ ያንን ቦታ በባልዲና በትዕግሥት መተካት ይቻላል።

በትዕግሥት የማይተካ ነገርም አለ። የፊልተር ቤት ከፕላስቲክ ቧንቧ፣ ከተራ የውሃ መገጣጠሚያ ወይም በሰፈር ብየዳ ሠርቶ 300 ባር ላይ ማዋል ሰው ይገድላል። የግፊቱ መጠን በላዩ የተቀረጸበት፣ ለዚያው የተሠራ ዕቃ ካልተገኘ ሥራው ይቅር። የጎሚስታውም ታንክ ቢሆን ከውጭ ቀለሙ አምሮ ሳለ ከሥር በኩል፣ ውሃው በሚተኛበት ቦታ፣ ከውስጥ እየሳሳ ሊፈነዳ ይችላል፤ አጠገቡ ተቀምጦ ጎማ የሚለጥፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። በየማታው ማፍሰሻውን መክፈት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። የኦክስጅን ሲሊንደርን ዘይት ካለው ኮምፕሬሰር ጋር ማገናኘትም አይታሰብ፤ ዘይትና የታመቀ ኦክስጅን ሲገናኙ እሳት ነው። ከእነዚህ ትናንሽ ማሽኖች የወጣ አየር ደግሞ ለጠላቂ ዋናተኛ መተንፈሻ አይሆንም፤ ቢደርቅም የዘይት ጭስ ይዟል።

ሲቩ መቼ እንደሞላ ማወቂያው ሚዛን ነው። አዲስ ሆኖ ሲገባ መዝኖ ክብደቱን በፊልተሩ ቤት ላይ መጻፍ፤ 50 ግራሙ 57 ወይም 58 ሲደርስ መቀየር። ቀለም የሚቀይረው ሲሊካ ጄል ለዓይን ይቀላል፤ ሰማያዊው ሲረጥብ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ይህ ሰማያዊ ግን መርዛማ ኮባልት አለበት፤ ምድጃ ላይ በ120 ዲግሪ ገደማ ሲደርቅ ተመልሶ የሚያገለግል ቢሆንም በእንጀራ ምጣድም ሆነ ምግብ በሚነካ ዕቃ ላይ አይደረግም። ሞለኪውላር ሲቭን ለማድረቅ ከ200 ዲግሪ በላይ ስለሚፈልግ በቤት ከመሞከር መተካቱ ይሻላል። የተረፈው ሲቭ ከፌስታል ወጥቶ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ ውስጥ ወዲያው ይገባ፤ በክረምት ጣና ዳር ሜዳ ላይ ከተተወ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ፊልተር ውስጥ ሳይገባ ከአየሩ ጠጥቶ ያልቃል።