ስለ ስትሮክ በሽታና ስለ ቤታችን ገበታ

ትናንት በሸንጎ ተቀምጦ ይፈርድ የነበረ ሰው ዛሬ አንደበቱ ተሳስሮ፥ ግማሽ አካሉ ዝሎ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎች መጋኛ መታው ይላሉ፤ ነገር ግን ይህ ስትሮክ የሚባለው ደዌ ነው፤ የሚመጣውም ደም ወደ አንጎል የሚሄድበት ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው።

ዋናው ምክንያት የደም ግፊት ሲሆን፥ ሊቃውንት ከዚህ ሌላ የሚመረምሩት ሆሞሲስቲን የሚባል ነገር አለ። ይኸውም ሰውነታችን ከሥጋ፥ ከወተትና ከእህል ያገኘውን ገንቢ ምግብ ሲሠራበት በደም ውስጥ የሚገኝ ትራፊ ነው። ፎሌት፥ ቢ 6ና ቢ 12 የሚባሉት ቫይታሚኖች ወደሚጠቅም ነገር ይለውጡታል፤ እነርሱ ባነሱ ጊዜ ግን ይከማቻል። የተከማቸበትም ሰው ለስትሮክ ይበልጥ የተጋለጠ ሆኖ ተገኝቷል።

ታዲያ ቫይታሚኑን መዋጥ ያድናልን? በ2007 ዓ.ም. የታተመው የቻይና ምርመራ ብርቱ ማስረጃ ነው። የደም ግፊት ያለባቸው፥ ስትሮክ ግን ያላገኛቸው 20,702 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፥ እኩሌቶቹ ኤናላፕሪል የሚባለውን የግፊት መድኃኒት ብቻ፥ እኩሌቶቹ ከፎሊክ አሲድ ጋራ 4 ዓመት ተኩል ያህል ወሰዱ። መድኃኒቱን ብቻ ከወሰዱት ከ1,000 ሰው 34ቱን፥ ፎሊክ አሲድ ከጨመሩት ግን 27ቱን ስትሮክ አገኛቸው። በ1996 ዓ.ም. የታተመውና አስቀድሞ ስትሮክ ባገኛቸው ሰዎች ላይ የተደረገው ሌላ ምርመራ ግን ጥቅም አላሳየም፤ ይህም አብዛኛው የተደረገው በዱቄት ላይ ፎሊክ አሲድ በሚጨመርበት በሰሜን አሜሪካ ነው። እንግዲህ ቫይታሚኑ የሚጠቅመው ለጐደለው እንጂ ለሞላለት አይመስልም።

በአዳማ፥ በሞጆ፥ በመቂና በባቱ ለሚኖር ቤተ ሰብ መፍትሔው ከደጁ ነው። ጐመን፥ ምስር፥ ባቄላና ሽምብራ ፎሌት አላቸው፤ ጐመኑን ብዙ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት ግን ፎሌቱን አብሮ መድፋት ነው። ቢ 12 ከአትክልት አይገኝም፤ የሚገኘው ከሥጋ፥ ከእንቁላል፥ ከወተትና እንደ ዝዋይ ሐይቅ ቆሮሶ ካለው ዓሣ ነው። ጉበት ቢ 12ን ለዓመታት ስለሚያከማች ጿሚ ሁሉ ይጐድልበታል ማለት አይደለም፤ በፍስኩም ቀን የማያገኝ ድኻና ሆዱ የማይቀበልለት ሽማግሌ ግን ይጐዳሉ። ለእንደነዚህ ያሉት ፎሊክ አሲድ ብቻውን ቢሰጥ የደም ማነሱ ይሻላቸዋል፤ የነርቩ ጉዳት ግን ተሰውሮ ይቀጥላል። ስለዚህ ሐኪም ሳያማክሩ መውሰድ አይገባም።

ከሁሉ በፊት ግን ግፊትን ማስለካት፥ የታዘዘውን መድኃኒት አለማቋረጥ፥ ጨውንም መቀነስ ነው። አፉ የተጣመመ፥ እጁ የዛለ፥ ቃሉ የተምታታ ሰው በቤት በታየ ጊዜ፥ ነገ ይሻለው ይሆናል ሳይሉ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ማድረስ ይገባል፤ የሞተ የአንጎል ክፍል ተመልሶ አይነሣምና።