በአርሲ ደጋ ላይ ተራ ሯጭ መሆን

በአሰላ ከተማ ማለዳ ሲሮጥ የታየ ወጣት ሁለት ጥያቄዎች ይቀርቡለታል። አንደኛው «የየትኛው ክለብ ነህ?» የሚል ነው። ሁለተኛው ከውድድር በኋላ የሚመጣ ሲሆን «ስንተኛ ወጣህ?» ይሉታል። ክለብ የሌለው፥ በዚያም ላይ ከሦስት መቶ ሰው በኋላ የገባ ሯጭ ለሁለቱም የሚሰጠው መልስ የለውም። እኛ ይህን ጽሑፍ የምናቀርብ ተማሪዎች ከዚሁ ወገን ነን፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ እንሮጣለን፥ በከተማው በሚደረጉት የጎዳና ላይ ሩጫዎች እንሰለፋለን፥ ሽልማት ግን አግኝተን አናውቅም፤ ወደፊትም እናገኛለን ብለን አናስብም። ታዲያ ለምን ትሮጣላችሁ ለሚሉን ወንድሞችና እኅቶች ነገሩን ከሥሩ ጀምረን ማስረዳት ፈለግን።

በመጀመሪያ ጠያቂዎቻችን አይፈረድባቸውም። ከአሰላ ተነሥቶ በሳጉሬ በኩል ወደ ደቡብ የሄደ ሰው ስልሳ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ በቆጂ ይደርሳል። ደራርቱ ቱሉ የዚያ አካባቢ ልጅ ናት፤ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ የሴቶችን ማራቶን ወሰደች፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው ተከታትለው ወጡ። ከነዚህ የብዙዎቹን እግር አስቀድሞ ያየላቸው በበቆጂ የትምህርት ቤት መምህር የነበሩት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ናቸው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴም የአሰላ አካባቢ ልጅ ነው፤ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ መጻሕፍቱን በግራ ብብቱ ይይዝ ስለ ነበር የዓለም ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ እንኳ ግራ ክንዱ ሲሮጥ እንደ ታጠፈ ቀርቷል። እንዲህ ባለው አገር ሩጫ እንደ ሽመና የታወቀ ሙያ ነው። ሙያው ሳይኖረው ሸማ ሠሪ መስሎ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንደሚሣቅበት ሁሉ በእኛም ይሣቅብናል።

ችግሩ ከሣቁ አይደለም። አንድ አገር ለኦሊምፒክ በአንድ የሩጫ ርቀት የሚያሰልፈው ሦስት ሰው ብቻ ነው። በአርሲ ማለዳ ተነሥቶ ከገብስ እርሻው ዳር የሚሮጠው ልጅ ግን ስፍር ቁጥር የለውም። ከሦስቱ አንዱ ያልሆነው የት ይሂድ? በመኝታ ክፍላችን አንድ ጓደኛ አለን። እስከ 10ኛ ክፍል ድረስ በሠልጣኝነት ሲሮጥ ቆይቶ ሰዓቱ አልሻሻል ስላለው ተሰናበተ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጫማውን አላጠለቀም። እንሂድ ስንለው «እኔ እኮ ያልቻልሁ ነኝ» ይላል። እግሩ ደኅና ነው፥ ሳንባውም የኛን ሁለት ያህላል፤ ነገር ግን አንደኛ የማይወጣ ሰው መሮጥ አይገባውም የሚል አሳብ በአእምሮው ተተክሏል። እኛ የምንከራከረው ከዚህ አሳብ ጋር ነው።

ተራ ሰው በጎዳና ላይ ይሩጥ የሚለው ነገር ከኛው ታሪክ ጋር በሚያስገርም ሁኔታ ይገናኛል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ሦስተኛ የወጣው ባሪ ማጊ የተባለ የኒው ዚላንድ ሰው ነበር። አሠልጣኙ አርተር ሊዲያርድ ሲሆን፥ በዚያው ኦሊምፒክ ሌሎች ሁለት ተማሪዎቹ፥ ስኔል በ800 ሜትር፥ ሃልበርግ በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ አግኝተውለታል። ሊዲያርድ ከሻምፒዮኖቹ ጋር ብቻ አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ1962 በኦክላንድ ከተማ ቦርጫቸው የወጣ ነጋዴዎችና የቢሮ ሰዎች የሚሮጡበት ማኅበር እንዲቆም ረዳ። ያስተማራቸውም ነገር ቀላል ነበር፤ እየተጫወታችሁ ሩጡ፥ መጫወት ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። ልማዱ በከተማው ሥር ሰደደ። በኋላም እንግሊዛዊው ሯጭ ብሬንደን ፎስተር ኦክላንድ ሄዶ ሕዝብ በነቂስ የሚወጣበትን የጎዳና ሩጫ አየና እ.ኤ.አ. በ1981 በኒውካስል ከተማ የራሱን ጀመረ። ኃይሌ ደግሞ በፎስተር አጋዥነት ያንን አርአያ ይዞ ኅዳር 16 ቀን 1994 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ሺህ ሰው ይዞ በአዲስ አበባ አስኬደ። ያን ቀን ራሱ ሮጦ ራሱ አሸነፈ (ድግሱን ደግሶ ቁርጡንም የቆረጠ ባለቤት ልንለው እንችላለን)። ዛሬ ሩጫው በያመቱ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያወጣል። በየከተማው አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሶ መሮጥ የተለመደውም ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ወደ ደጋችን እንመለስ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል፥ በቆጂ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ይላሉ። ብዙ ሰው «ደጋ ላይ ኦክሲጅን ጥቂት ነው» ይላል፤ አነጋገሩ ግማሽ እውነት ነው። ከአየሩ ውስጥ የኦክሲጅን ድርሻ በቆላም በደጋም ያው 21 ከመቶ ነው። የሚለየው የአየሩ ግፊት ነው፤ በአሰላ ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የምንስበው ሁሉ በዚያው ልክ ሳስቷል። ሰውነት ይህን ሲያውቅ በመጀመሪያ ትንፋሽና የልብ ምት ያፈጥናል። ቀጥሎ ኩላሊት በሚያመነጨው ቅመም አማካይነት የአጥንት መቅኔ ቀይ የደም ሕዋሳትን አብዝቶ እንዲሠራ ይታዘዛል። ይህ ሁለተኛው ሥራ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ስለዚህ ከጋምቤላ ወይም ከአፋር ቆላ ለትምህርት የመጣ አዲስ ተማሪ ሻንጣውን ባወረደ በሳምንቱ ውድድር ቢገባ ድካሙ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት በዝግታ እየሮጠ ይቆይ። ከአዳማ የመጣውም ቢሆን 75 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የተጓዝሁት ብሎ አይዘናጋ፤ በዚያች መንገድ 700 ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥቷል።

ከፍታው ብቻ አይደለም። አሰላ የተቀመጠችው በጭላሎ ተራራ ወገብ ላይ ነው። ወደ ተራራው የዞረ መንገድ ሁሉ ዳገት፥ ወደ ስምጥ ሸለቆው፥ ማለትም ወደ ዝዋይ በኩል የዞረው ሁሉ ቁልቁለት ነው። ዙሪያውን ዞሮ መነሻው ላይ የሚያበቃ የውድድር መንገድ ምን ቢሆን እኩል ዳገትና እኩል ቁልቁለት አለው። ታዲያ ይቻቻላል የሚል ተማሪ ሒሳቡን ተሳስቷል። ዳገቱ የሚበላውን ጊዜ ቁልቁለቱ ሙሉ በሙሉ አይመልስም፤ ቁልቁል ስንወርድ እግራችን ፍሬን ሲይዝ ጉልበት ይባክናልና። በማግሥቱ ጭናችንን የሚያመንም የወረድነው እንጂ የወጣነው አይደለም። ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ ሌሊት ካካፋ ድንጋዩ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል።

ከሁሉም በላይ ተራውን ሯጭ የሚጥለው የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ነው። በአሰላ መነሻው መስመር ላይ ከፊታችን የሚቆሙት የክለብ ልጆች ናቸው። አንዱን ኪሎ ሜትር ከሦስት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይሮጡታል። ፊሽካው ሲነፋ እነሱ እንደ ሚዳቋ ይፈተለካሉ፥ ሕዝቡም በደመ ነፍስ ተከትሎ ይፈስሳል። በዚህን ጊዜ ጡንቻ የሚፈልገው ኦክሲጅን ከሚደርሰው በላይ ስለሚሆን ሰውነት ያለ ኦክሲጅን ጉልበት ያወጣል። ይህ ብድር ነው። በቆላ ትንሽ ዝግ ቢሉ ብድሩ ቶሎ ይከፈላል፤ በደጋ ግን አበዳሪው ጨካኝ ነው፥ ብድሩ ቀድሞ ይጀምራል፥ ለመክፈልም ረዘም ያለ ጊዜ ይጠይቃል። ስለዚህ በ2ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ወገቡን ይዞ የሚቆመው ሰው ደካማ ስለሆነ ሳይሆን የሌላ ሰው ሩጫ ስለሮጠ ነው። የኛ ዘዴ የሊዲያርድ ዘዴ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ከጎናችን ካለው ጋር እያወራን እንሄዳለን። ከዚያ በኋላ ከፊታችን ከቆሙት ብዙዎቹን አንድ በአንድ እናልፋለን፤ ይህም ሳንሸለም የምናገኘው ትንሽ ሽልማት መሆኑን አንክድም።

ስለ ምግብ ብዙ አንልም። በሶ በውኃ በጥብጦ ከሁለት ሰዓት በፊት መጠጣት ይበቃል። ጭኮ የአርሲ ኩራት ቢሆንም ቅቤው በሆድ ውስጥ ስለሚዘገይ ከውድድር በኋላ ይበላ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት 1 ሰዓት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራልና እስከ መነሻው ድረስ ጋቢ ለብሶ መቆየት ነውር የለውም፤ ጋቢውን የሚይዝ ታማኝ ሰው ግን አስቀድሞ ይፈለግ።

የሴት ጓደኞቻችን ነገር ለብቻው መነገር አለበት። ደራርቱና ፋጡማ በወጡበት አገር ሱሪ ለብሳ የምትሮጥ ተማሪ ዛሬም ከመንገድ ዳር የምትሰማው ቃል ሁልጊዜ «ጀባዹ!» ወይም «አይዞሽ!» አይደለም። ካሸነፈች ይጨበጨብላታል፥ ወደ ኋላ ከቀረች ግን ቤት ምን አሳጣሽ ትባላለች። በውድድር ቀን ብቻ ማንም ምንም አይላትም፤ ቁጥር ለጥፋለችና። ለዚህም ነው አንዳንዶቹ በዓመት የሚሮጡት ውድድር ባለበት ቀን ብቻ የሆነው። ልምምዱን አብረናቸው በቡድን ብናደርገው ነገሩ እንደሚቀል በተግባር አይተነዋል።

የመጨረሻው ነገር የመድረሻው መስመር ነው። በተራ የከተማ ውድድር አሸናፊው 10 ኪሎ ሜትሩን ከ30 ደቂቃ ብዙም ሳይርቅ ይጨርሳል። እኛ አንድ ሰዓት ያህል እንቆያለን፥ ከኛም በኋላ የሚመጣ አለ። ከዚህ ቀደም በሮጥንበት በአንዱ ሽልማቱ ተሰጥቶ፥ ንግግሩ ተደርጎ፥ ገመዱ ተጠቅልሎ ሳለ አንዲት እናት ነጠላቸውን በወገባቸው ታጥቀው፥ ቁጥራቸውን በደረታቸው ለጥፈው መጡ። የሚያቆማቸው ምልክት ስላልነበረ መስመሩን አልፈው ሄዱ፤ ቆይተው ሰው ጠርቶ «እማማ፥ ጨርሰዋል» አላቸው። «የት ላይ?» ብለው ጠየቁ።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። በእግር የሚታሰር የሰዓት መቁጠሪያ ለትልልቆቹ ውድድሮች ነው። ለኛ አንድ የእጅ ሰዓት፥ አንድ ደብተርና ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ቁጥሩን ይጠራል፥ ሁለተኛው ሰዓቱን ይጽፋል፥ ከተነሡበት 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስኪሆን ከቦታቸው አይነሡም። ባለፈው ሩጫ ይህን ለማድረግ አዘጋጆቹን ለምነን ፈቀዱልን። ደብተሩን የያዘው ያ አልሮጥም ያለው የመኝታ ክፍል ጓደኛችን ነው። የመጨረሻው ሰው ሲገባ 1 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ጻፈ። በማግሥቱ ደብተሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ሕዝቡ የራሱን ቁጥር ሊፈልግ ተጋፋ፤ አብዛኛው የሚያነበው ከላይ ሳይሆን ከመካከል ጀምሮ ነበር።