በባትሪ ላይ የተጻፈው ቁጥርና የባትሪው ዕድሜ

የመብራት መሥመር ባልደረሰባቸው የባቲና የከሚሴ አካባቢ አጥቢያዎች ለሌሊት ማሕሌት መብራትና ድምፅ ማጉያ የፀሐይ ኃይል ሲተከል፣ ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው ባትሪው ነው። የሚገዛውም ከምእመናን በተሰበሰበ ገንዘብ በመሆኑ፣ ሰበካ ጉባኤያት ዋጋ ከመጠየቃቸው አስቀድሞ በባትሪው ላይ የተጻፈውን ሊያስተውሉ ይገባል።

የባትሪ መጠን የሚለካው በአምፒር ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 12 በ100 ሲባዛ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከቁጥሩ ጎን «ሲ 20» ወይም «ሲ 100» የሚል ምልክት ይገኛል፤ ልኬቱ ባትሪው በ20 ወይም በ100 ሰዓት ውስጥ ተሟጦ የተገኘ መሆኑን ያመለክታል። የእርሳስና የአሲድ ባትሪ በዝግታ ሲወሰድበት ብዙ፣ በፍጥነት ሲወሰድበት ጥቂት ይሰጣል። ስለዚህ ሁለት ባትሪዎች «100» ቢባሉም እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። የእኛ አገልግሎት በአንድ ሌሊት የሚፈጸም ስለሆነ የሲ 10 ወይም የሲ 20 ልኬት እንጠይቅ።

ይህ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። ለምሳሌ ባለ 10 ዋት 5 አምፖሎች ለ10 ሰዓት ቢበሩ 500፣ ባለ 50 ዋት ድምፅ ማጉያ ለ4 ሰዓት ቢሠራ 200፣ በድምሩ 700 ዋት ሰዓት ይሆናል። በኢንቨርተር የሚባክነው 15 በመቶ ሲታሰብ 824 ይደርሳል። ለ12 ሲካፈል 69 አምፒር ሰዓት ነው። ግማሹን ብቻ ለመጠቀም 138 ያስፈልጋል፤ ስለዚህ 150 እንጂ 100 አይበቃም። ለመኪና ማስነሻ የተሠራ ባትሪ ደግሞ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ባትሪ አረጀ የሚባለው ጨርሶ ሲቆም ሳይሆን፣ በአዲስነቱ ከሚይዘው ወደ 80 በመቶ ሲወርድ ነው። በአምራቾች የሚነገረው ዕድሜ ብዙ ጊዜ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተገመተ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በ25 ዲግሪ 6 ዓመት የሚያገለግለው ዘወትር በ35 ዲግሪ ቢቀመጥ 3 ዓመት ገደማ ብቻ ይቆያል። ወደ አፋር በሚያወርደው መንገድ ላይ ላለችው ለባቲ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው።

ስለሆነም ባትሪው ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሳይሆን ጥላና ነፋስ ባለበት ክፍል ይቀመጥ። ኃይል ሲሞላ ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚወጣው ጧፍና ማዕጠንት ካለበት ይራቅ። ውኃ የሚጨመርበት ዓይነት ከሆነ በየወሩ ይታይ፤ ሲጎድልም የተጣራ ውኃ ብቻ ይጨመርበት። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ በዋጋ ቢከብድም 80 በመቶው ጥቅም ላይ ሊውል ይችላል፤ ተሞልቶ የሚያልቅበት ዙርም እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ኮሚቴዎች የመግዣውን ዋጋ ከሚያገለግልበት ዓመት ጋር አካፍለው ያነጻጽሩ፤ ርካሽ የሚመስለው በዓመት ሲሰላ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላልና።