ድንጋይ የሚደረድሩት ብራዘር

ከድሮ ክፍል ጓደኞቼ ጋር ተሰባስበን ካወራን ጨዋታው ዞሮ ዞሮ አንድ መምህር ላይ ያርፋል። ስማቸውን አልጽፍም። ሁላችንም "ብራዘር" ነበር የምንላቸው።

እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ስደርስ አባቴ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ላከኝና ብራዘሮች የሚያስተምሩበት ካቶሊክ ትምህርት ቤት ገባሁ። ለማታውቁት፦ ብራዘር ቄስ አይደለም። አያገባም፣ አይቀድስም፤ ሥራው ማስተማር ነው። ማኅበራቸው፣ የላሳል ብራዘሮች ማኅበር፣ በ1680 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሲጀመር የድሃ ልጆችን ንባብ የሚያስተምረው በላቲን ሳይሆን አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ነበር።

የእኛ ብራዘር ኢሮብ ናቸው፤ ከትግራይ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከዓሊቴና በኩል። ጂኦግራፊ ያስተምሩናል። የሚያርሙት በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው፤ "ቀይ ለቄራ ነው" ይላሉ። ተማሪን በአገሩ ይጠራሉ፦ "ቆቦ ተነስ! ጅማ ዝም በል!" ዘበኛውን አንቱ፣ ዳይሬክተሩን አንተ ይላሉ። ጥያቄ በትክክል ከመለስክ ደግሞ "ማን ነገረህ?" ይከተላል። "መጽሐፉ" ካልክ ፊታቸው ይጠቁራል፤ "አይቻለሁ" ካልክ ሙሉ ጠመኔ ትሸለማለህ።

ከሁሉ የገረመን ግን ድንጋዩ ነው። በእረፍት ሰዓት ከግቢው ጀርባ ጎርፍ የቦረቦረው ቦይ ውስጥ ገብተው ድንጋይ ይደረድራሉ። "ነካ አድርጓቸዋል" እንባባል ነበር።

አንድ ቀን "ጎርፍ ምን ያደርጋል?" አሉ። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "አፈር ይሸረሽራል!" እኔ "ማሽላ ያበቅላል" ስል ሳቁብኝ። "ማን ነገረህ?" "አይቻለሁ።" ጠመኔውን ሰጥተው ሰሌዳው ላይ አወጡኝ።

ጎርፍን ወደ እርሻ የምንመልስበትን ጠለፋ ሣልኩ። ራያ ቆላ ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ሐምሌና ነሐሴ ምዕራቡ ደጋ ላይ የዘነበው እንደ ጎሊናና ሆርማት ባሉ ወንዞች ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ገበሬው ወንዙን በአፈር፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ አግዶ ወደ ቦይ ይመልሰዋል፤ ከዋናው ቦይ ወደ ትንንሾቹ፣ ከዚያ ወደ ማሳ። ውሃው እርጥበት ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ የደጋውን ለም ደለል ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት የአገራችን ማሽላዎች ብዙ ወር መሬት ላይ ስለሚቆዩ፣ ዝናቡ ሲያጥር ያ ውሃ ነፍሳቸው ነው።

ብራዘር ዝም ብለው ሰሙና ጎኑ ላይ የራሳቸውን ሣሉ፦ ዳልዳል። ኢሮብ ተራራ እንጂ ሜዳ የለውም። ስለዚህ ሸለቆው ላይ የድንጋይ ካብ ይሠራሉ፤ ጎርፉ አፈሩን ከካቡ ጀርባ ጥሎ ያልፋል። ሲሞላ ካቡን ከፍ ያደርጉታል፣ በዓመቱ እንደገና። አያት የጀመረውን የልጅ ልጅ ያርሰዋል። እኛ ውሃውን ከነአፈሩ ወደ እርሻ እንወስዳለን፤ እነሱ እርሻውን ከጎርፍ ይሠራሉ። የግቢው ድንጋይ ምስጢር የዚያን ቀን ተፈታ፤ ከካቡ ጀርባም እውነትም ጎመን የሚያበቅል አፈር ተጠራቅሞ ነበር።

ከ10 ስምንት ሰጡኝ። "ደራሹ ግድቡን ሲያፈርሰው ማነው የሚጠግነው? አልነገርከንም።"

ክረምት ቆቦ ስወርድ አባቴን ጠየቅሁ። ከላይም ከታችም ውሃው የሚደርሰው ሁሉ ይወጣል፤ የቀረ ተራውን ያጣል፤ ሁሉን የሚያዘው የውሃ አባት ነው አለኝ። መስከረም ላይ ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው።

"ማን ነገረህ?"

"አባቴ።"

"እንግዲያው ሁለቷ ማርክ የአባትህ ናት" ብለው በአረንጓዴ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ጽፈው፣ ፈርመው ላኩለት።